አሮጌ ቪታራን በጥቂት ብር ለአስቸጋሪ መንገድ ማዘጋጀት

ሰው አሮጌ ፎር ዊል ሲገዛ መጀመሪያ የሚያምረው ከፍታ ነው። መኪናው ከፍ ይበል፣ ጎማው ይግዘፍ፣ ከፊት ወፍራም የብረት ፓራውልት ይታሰር። ብሩ እዚያው ላይ ያልቃል። በኋላ አፋር መሃል ላይ መኪናውን የሚያስቆመው ግን አንድ የተሰነጠቀ ማኒኮቶ (የራዲያተር ውሃ የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ) ነው። ስለዚህ እዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል። ጥገና ይቀድማል፣ ጎማ ይከተላል፣ ከፍታ መጨረሻ ይመጣል። ብር ካለቀባችሁ መጨረሻው ቢቀርም ብዙ አይጎድልባችሁም።

ምሳሌ የማደርገው የመጀመሪያውን ትውልድ ሱዙኪ ቪታራ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የተሠራውን። ብዙ ሰው የከተማ መኪና ያደርገዋል። ከሥሩ ገብቶ ላየው ግን እውነተኛ ፎር ዊል ነው። አካሉ ራሱን በቻለ የብረት ሻንሲ ላይ የተቀመጠ ነው። ከባድ ማርሽ (ሎው) አለው። ቀላል ስለሆነ ከአሸዋና ከጭቃ ለማውጣት የሰው ጉልበት ይበቃዋል። ዕቃውም መርካቶ ሶማሌ ተራ ይገኛል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ደግሞ ያለንን አሮጌ መኪና አክብሮ መያዝ ግድ ሆኗል። ላንድክሩዘር ወይም ሃይሉክስ ያላችሁም አብዛኛው ነገር ይሠራላችኋል። የሚለያይበት ቦታ ላይ እናገራለሁ።

መጀመሪያ ከሥር ግቡ

መኪናውን ጉድጓድ ላይ አቁሙና ባትሪ መብራት ይዛችሁ ከሥር ግቡ። የምትፈልጉት የሻንሲ ዝገት ነው። በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ከፊት እስከ ኋላ ምቱት። ጤነኛ ብረት ይጮኻል። የበላው ቦታ ድምፁ ይታፈናል፣ ቅርፊትም ይረግፋል። በተለይ የኋላ ሞላ የሚቀመጥበትንና ከኋላ ጎማ በላይ ያለውን እጥፋት እዩ። ጭቃ እዚያ ተቀምጦ ይከርማል። የበርና የኮፈን ዝገት በላሜራ ሠሪ ይስተካከላል። ሻንሲው ከተበላ ግን ሌላ መኪና ፈልጉ። ገና ልትገዙ ከሆነ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ።

ቀጥሎ ፎር ዊሉ መሥራቱን አረጋግጡ። ለዓመታት አዲስ አበባ ብቻ የተነዳ ቪታራ ፎር ዊሉ ጨርሶ ተነክቶ ላያውቅ ይችላል። ሙከራው ፒስታ ወይም ሣር ላይ ይሁን። ደረቅ አስፋልት ላይ በጭራሽ አታስገቡት። መሃል ላይ ልዩነቱን የሚያቻችል ዲፍረንሻል ስለሌለው፣ ስትታጠፉ የፊትና የኋላ ጎማ የሚጓዙት ርቀት ሲለያይ ጭንቀቱ በሙሉ ጥርሶቹ ላይ ያርፋል። የፊት ጎማው ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ካለ ሁለቱንም ወደ ‹ሎክ› አዙሩ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ቁሙ፣ ፍሪሲዮን ርገጡ፣ ወደ ከባድ ማርሽ አስገቡ። ልል ጠጠር ያለበት አጭር ዳገት ላይ ቀስ ብላችሁ ተነሡ። አንድ ሰው ከጎን፣ ራቅ ብሎ ይይ። የፊት ጎማ ጠጠር ሲያስፈናጥር ካየ ይሠራል ማለት ነው። መቆለፊያው አውቶማቲክ ከሆነ ለማላቀቅ ወደ ሁለት ጎማ መልሱና አንድ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ሂዱ።

ብሩን መጀመሪያ የሚበላው፦ ጥገና

ከሁሉ በፊት ማቀዝቀዣ። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሞተራችሁ ውሃ ከዚያ በላይ ግሎም ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ስለሚያቆየው ነው። ስለዚህ ያ ርካሽ ክዳን ከላላ ወይም ላስቲኩ ከደረቀ፣ ደጋ ላይ መኪናችሁ በቀላሉ ይፈላል። መጀመሪያ የሚለወጠው እሱ ነው። ከዚያ ማኒኮቶዎቹን አንድ በአንድ ጨምቁ። የተሰነጠቀ፣ ያበጠ ወይም እንደ ድንጋይ የደረቀ ይቀየር። ራዲያተሩ ይፈታና ይታጠብ። ከውጭም በፊኖቹ መሃል የተጠቀጠቀውን አፈርና ነፍሳት ከሞተር በኩል ወደ ውጭ በውሃ ግፉት። በቀጥታ የቧንቧ ውሃ መሙላትም ይቅር፤ ኩላንት ቀላቅላችሁ ሙሉ።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ብዙ መካኒክ ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን፣ የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቫልቭ፣ አውጥቶ ይጥላል። "በረሃ ስለሆነ አያስፈልግም" ይላችኋል። አዎ፣ ለጊዜው ሙቀቱ ይቀንሳል። ግን ሞተሩ በሚገባው ሙቀት ስለማይሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያረጃል። ዋናው በሽታም፣ የተደፈነው ራዲያተር፣ ተደብቆ ይቀራል። ቴርሞስታት አስገጥሙ። ከዚያ በኋላም የሚሞቅ ከሆነ ሌላ ቦታ ችግር አለ።

የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተለወጠ የሚነግራችሁ ከሌለ እንዳልተለወጠ ቁጠሩት። በተለምዶ ዕድሜው 100,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲቀየር መወጠሪያውና የውሃ ፓምፑም አብረው ይቀየሩ፤ የሚፈታው ያው አንድ ቦታ ነው፣ የእጅ ዋጋ ሁለት ጊዜ አትክፈሉ።

ጎማዎቹን በክሪክ አንሡ። ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙ፤ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንት አልቋል። ግራና ቀኝ ይዛችሁ ስትወዘውዙ ከላላ ችግሩ የመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። ፍሬን፣ የእጅ ፍሬን፣ ባትሪ፣ ዲናሞ፤ እነዚህ የታወቁ ናቸው፣ አስፈትሹ።

ዘይቶቹን ግን አደራ። የሞተሩን ሁሉም ሰው ይቀይራል። የካምቢዮው፣ የፎር ዊል ማከፋፈያው፣ የፊትና የኋላ ዲፍረንሻሉ ዘይት ግን ለዓመታት ይረሳል። ከመቅዳታችሁ በፊት መጀመሪያ የመሙያውን ብሎን ፍቱ፣ ከዚያ የማፍሰሻውን። መሙያው አልፈታ ቢል ባዶ ዲፍረንሻል ታቅፋችሁ እንዳትቀሩ ነው። የሚወርደው ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

ውሃው የሚገባበትን መንገድ መዝጋት ደግሞ በጣም ርካሹና ከሁሉ የምወደው ማሻሻያ ነው። ዲፍረንሻል ሲሞቅ አየሩ የሚወጣባት ትንሽ መተንፈሻ አለችው። የጋለ ዲፍረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ አየሩ ይኮማተራል፣ በመተንፈሻውና በዘይት ማገጃው በኩል ውሃ ይስባል። መፍትሔው ዘይት የሚችል የነዳጅ ጎማ ቱቦ ነው። መተንፈሻዋ ላይ አስገቡና በማሰሪያ አጥብቁ። ቱቦውን በሻንሲው ላይ እየሳባችሁ የፊቱን ወደ ሞተር ክፍል አናት፣ የኋላውን ወደ ኋላ መብራት ከፍታ አድርሱት። ጫፉ ላይ ትንሽ የነዳጅ ፊልትሮ ሰኩ፣ አቧራ እንዳይገባ። ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ ቱቦው እንዳይወጠር ትርፍ ተዉለት። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው።

ጎማ

ከማሻሻያ ሁሉ አንድ ብቻ ምረጡ ብትሉኝ ጎማ እላለሁ። ቪታራ ብዙውን ጊዜ 195 ወይም 205 ስፋት ያለው ጎማ በ15 ኢንች ቸርኬ ነው የሚያደርገው። የበጀት ምርጫዬ 235/75 አር 15 ‹ኦል ቴሬን› ጎማ ነው። ለአስፋልትም ለፒስታም ይሆናል። የጭቃ ጎማ ያማረ ነው፤ ግን አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ዝናብ ላይ ይንሸራተታል፣ ቶሎም ያልቃል። ከጉዟችሁ አብዛኛው አስፋልትና ፒስታ ከሆነ አትድከሙ።

ሒሳቡን እንሥራ። 205/75 አር 15 ቁመቱ 688 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 235/75 አር 15 ደግሞ 733 ያህል። ልዩነቱ 45 ነው። መኪናው የሚነሣው የዚያን ግማሽ፣ 22 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሽ ትመስላለች። ግን የኋላው ዲፍረንሻል ከድንጋይ የሚርቀው በጎማ ብቻ ነው። ቪታራ ከኋላ ወጥ አክሰል ስላለው፣ ሞላውን የፈለጋችሁትን ያህል ብታስረዝሙ የዲፍረንሻሉ ቁልቁል ከፍታ ያው ነው።

ዋጋም አለው። ቆጣሪው 100 ሲያሳይ በእውነቱ ከ106 በላይ እየሄዳችሁ ነው። ማርሹም ይከብዳል። ተርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ፣ በአየሩ መሳሳት፣ ከባሕር ጠረፍ ጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋ ያጣል። ባሌ ሳነቲ አምባ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ሲሶ ያህሉ ይሄዳል። 1.6 ሊትር ሞተር ላይ ይህን ሁሉ ጭናችሁ ከዚህ የገዘፈ ጎማ ብትጨምሩ እንጦጦን በአንደኛ ማርሽ ነው የምትወጡት።

ያገለገለ ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያለውን ባለአራት አኃዝ ቁጥር እዩ። 2319 ካለ በ2019 23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው፤ አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ አትውሰዱ፤ ጎኑን ስታጥፉት ስንጥቁ ይታያል። ላዩ እንደገና የተለበጠ ጎማም ለድንጋይ መንገድ አይሆንም። አምስት ጎማ ግዙ። ስኮርታው ትንሽ ከሆነ ጎማ ሲፈነዳባችሁ ፎር ዊል መጠቀም አትችሉም። ከገጠማችሁ በኋላ መሪውን ጥግ ድረስ እያዞራችሁ የሚነካ ቦታ መኖሩን እዩ። የጭቃ መከላከያው ፕላስቲክ ትንሽ ቢቆረጥ ይበቃል።

ቀጥሎ ነፋስ። ይህ በነጻ ነው ማለት ይቻላል፣ ግን ጎሚስታው የሞላውን ይዞ ዳናክል የሚገባው ሰው ብዛት! ለቪታራ አስፋልት ላይ ከ26 እስከ 28 ፒኤስአይ፣ ኮረኮንች ፒስታ ላይ ከ22 እስከ 24፣ ጥልቅ አሸዋ ላይ ከ14 እስከ 16 በቂ ነው። ነፋስ ሲቀንስ ጎማው ይረዝማል፣ አሸዋውን ሳይቆፍር ይረግጠዋል። ከባድ ላንድክሩዘር ከዚህ ከፍ ያለ ይፈልጋል። ካላማዳሪ ያለበት ጎማ ከሆነ ደግሞ ብዙ አትቀንሱ፤ ጎማው ቸርኬው ላይ ይዞርና ቫልቩን ይነቅለዋል። በቀነሰ ነፋስ ከ30 እና 40 ኪሎ ሜትር በላይ አትንዱ፣ በድንገትም አትጠምዝዙ። አስፋልት ስትደርሱ ወዲያው ሙሉ። ለዚህ ጥሩ የነፋስ መለኪያና በባትሪ የሚሠራ ባለ12 ቮልት መሙያ ያስፈልጋል። በሲጋራ መለኮሻው ሳይሆን በቀጥታ ከባትሪው ጋር የሚያያዘውን ምረጡ።

ዋልካ ላይ ግን ነፋስም ጎማም አያድናችሁም። ክረምት ላይ ጥቁሩ አፈር ጥርሱን ሞልቶ ማንኛውንም ጎማ ልሙጥ ያደርገዋል። መንገዱ ግማሽ ቀን ፀሐይ እስኪያገኝ ቡና ጠጥቶ መጠበቅ ነው።

ከሥር መከላከያ እና መጎተቻ

በብዙዎቹ ቪታራዎች የፊት ዲፍረንሻሉ ቤት አሉሚኒየም ነው። ድንጋይ ከመታው ይሰነጠቃል። አጠገቡም የዘይት ኮፓው አለ። የብረት ሥራ ቤት ሂዱና በ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ መከላከያ አሠሩ። ለላንድክሩዘር 4 ይሁን። መጀመሪያ በካርቶን ልክ አውጡ። በብየዳ እንዳይጣበቅ፣ በብሎን ይታሰር፤ ሞተር ዘይት ስትቀይሩ የሚወልቅ መሆን አለበት። ለማፍሰሻው ቀዳዳ፣ ለጭቃና ለአየር ማለፊያ ደግሞ ሌሎች ቀዳዳዎች ይበሱለት። የፊቱ ጠርዝ ወደ ላይ ይታጠፍ፣ ድንጋዩ ላይ እንዲንሸራተት።

መጎተቻ ከፊትም ከኋላም ይኑራችሁ። ሻንሲው ላይ በብሎን የሚታሰር ይሁን። የብሎኑ ራስ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ካልተጻፈ አትቀበሉት። ተጎታች በሚታሰርበት ኳስ ላይ ግን ገመድ አታስሩ። ኳሱ ሲሰበር እንደ ጥይት ይወረወራል፣ ሰው ይገድላል። በመጎተት ጊዜ ገመዱ ላይ ጃኬት ወይም ብርድ ልብስ ጣል አድርጉ። ተመልካቹን ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ አርቁት። ገጠር ላይ ሕፃናት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስለሚሰበሰቡ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ይህ ነው።

ዊንች (መኪናው ላይ የሚታሰር በሞተር የሚጎትት ገመድ) አትግዙ። በዚያ ብር ጥሩ የመጎተቻ ገመድ፣ አካፋ፣ ሁለት የአሸዋ መርገጫ፣ የጎማ መድፈኛ ዕቃና ከክሪኩ ሥር የሚሆን 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ወፍራም ጣውላ ገዝታችሁ ይተርፋችኋል። ጣውላው ከሌለ ክሪኩ አሸዋ ውስጥ ይገባል እንጂ መኪናውን አያነሣም። ጓደኛችሁን ከነመኪናው ማስከተል ደግሞ ከየትኛውም ዊንች ይሻላል።

ከፍታ፣ ካስፈለገ

ይህን ሁሉ ጨርሳችሁ ብር ከተረፈ ከ4 ሳንቲ ሜትር አትለፉ። ለቪታራ ከሞላው ላይ የሚገባ ስፔሰር አለ። ከዚያ በላይ ስትሄዱ የፊት ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ማዕዘኑ ይሰላል፣ ሲቪ ጆይንቱ ያልቃል፣ ላስቲኩ ይቀደዳል። ባሌስትራ ላለው ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ አንድ ንጣፍ መጨመር ይቻላል፤ ባዶውን ሲሄድ ግን ወገብ ይቆርጣል። ሞላን በብየዳ የሚያስረዝም ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ከፍ ካደረጋችሁ በኋላ የማይታለፉ አሉ። የፍሬን ጎማ ቱቦው ጎማው ተንጠልጥሎ ሲወርድ እንዳይወጠር እዩ። አሞርዛተሩ ርዝመቱ መብቃቱን አረጋግጡ። ዊል አላይመንት አስደርጉ። የፊት መብራቱን ዝቅ አድርጉት፣ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን እንዳይወጋ። ባለሦስት በሩ ቪታራ አጭርና ጠባብ ስለሆነ ከፍ ሲል በቀላሉ ይገለበጣል። ኩርባ ላይ እንደ ድሮው አትግቡ።

ከፍታና ጎማ ብቻ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ሞተር መቀየር፣ ቀለም መቀየር፣ ሻንሲ መቁረጥ ግን ሊብሬ ላይ ያለውን ስለሚነካ፣ ቦሎ ስታወጡ እንዳትቸገሩ አስቀድማችሁ ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ። የኢንሹራንስ ውሉንም እዩት።

መብራት፣ ጭነትና ውሃ

ተጨማሪ መብራት የምታስሩ ከሆነ ከነባሩ ሽቦ አትቀጥሉ። ሁለት ባለ55 ዋት መብራት ከ9 አምፒር በላይ ይስባል። ከባትሪው በቀጥታ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ ባትሪው አጠገብ ባለ15 አምፒር ፊውዝ፣ ከዚያ ሪሌ። የመኪና እሳት ብዙ ጊዜ የሚነሣው ፊውዝ ከሌለው ሽቦ ነው።

ፖርቶ መጋላ ላይ ቀላል ዕቃ ብቻ ጫኑ። ፍራሽ፣ ድንኳን፣ ብርድ ልብስ። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው፤ ከታች፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ይታሰር። ቤንዚን በፕላስቲክ ጀሪካን ተሳፋሪው አጠገብ አይያዝ። ለነዳጅ የተሠራ የብረት ጀሪካን ፈልጉ፣ ትነቱ እንዲሰፋ ጫፉ ድረስ አትሙሉት፣ ከመኪናው ውጭ እሰሩት።

ስኖርክል፣ ሞተሩ አየር ከላይ እንዲስብ የሚገጠመው ቱቦ፣ ለቪታራ ትርፍ ነው እላለሁ። ቤንዚን ሞተር ነው፣ ከአየር ጋር ውሃ ከመሳቡ በፊት ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል ረጥቦ ሞተሩ ይጠፋል። የምትሻገሩት ውሃ ጥልቀት ወሰኑ የጎማው መሃል ይሁን። ውሃው ረጋ ያለ ከሆነ በእንጨት እየለካችሁ በእግር ተሻገሩት። የሚገፋችሁ ከሆነ መኪናውንም ይገፋዋል፤ ተመለሱ። ክረምት ላይ ደግሞ ሰማዩ እላያችሁ ጥርት ብሎ እያለ ደጋ ላይ የዘነበው ሊመጣ ይችላል። ወንዝ አሸዋ ላይ ድንኳን አትትከሉ። ከተሻገራችሁ በኋላ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ርገጡና አድርቁት።

ሙከራ

መጀመሪያውኑ ኦሞ አትውረዱ። መናገሻ ሱባ ደን የሚወስደው ዓይነት ቅርብ ፒስታ ይበቃል። ሙሉ ጭነቱን ጭናችሁ ውጡ። ባዶ መኪና አያጋልጥም። ከባድ ማርሽ አስገቡ፣ ነፋስ ቀንሱና ሙሉ፣ ጎማ ፍቱና መልሱ። ክሪኩ ከፍ ያለውን መኪና ማንሣት መቻሉ የሚታወቀው እዚህ ነው።

ስትመለሱ፣ በመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ የነካችሁትን ብሎን በሙሉ እንደገና አጥብቁ። የጎማ ዳዶ፣ የመከላከያው፣ የመጎተቻው፣ የአሞርዛተሩ። ከዚያ በነጭ ቀለም ብሎንና ብረቱ ላይ አንድ መስመር አስምሩ፤ በሚቀጥለው ጊዜ መስመሩ ከተዛነፈ ላልቷል ማለት ነው። ከዳናክል ጨው የተመለሳችሁ ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት፣ በዚያው ቀን፣ ከሥር በብዙ ንጹሕ ውሃ አሳጥቡት። የሻንሲውን ውስጥም ጭምር።